«መቶ ሺህ ዶላር ርካሽ ነው»፦ ቫንደርቢልት አላባማን ያሸነፈ ቀን ሜዳ መውረሩ ያስቀጣል?

ጥቁርና ወርቅ፦
ትናንት ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በ2024 በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አላባማን ያሸነፈበት ፎቶ እዚህ ሲለጠፍ የአላባማው ደጋፊ «ቀዩ ማዕበል» ሥሩ ምን ብሎ እንደጻፈ አይታችኋል። ቃል በቃል ይኸው፦ «ተኝተን ነው ያሸነፋችሁን። ጎል ፖስት ነቅሎ ወንዝ መክተት ደግሞ የባለጌ ሥራ ነው። ኤስኢሲ ቅጣቱን 500 ሺህ ዶላር ማድረጉ ሲያንስ ነው።»

ኤስኢሲ ማለት ሁለቱም ቡድኖች የሚጫወቱበት ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) ነው፤ ቅጣቱም ደጋፊ ሜዳ ሲወርር የሚጣለው ነው። እንደ ቫንደርቢልት ደጋፊ ይህን አባባል ማለፍ አልቻልኩም። አላባማ ኦክቶበር 5 ቀን 2024 እኛ ከተማ ናሽቪል የገባው የአገሪቱ ቁጥር 1 ሆኖ ነው። ቫንደርቢልት እስከዚያ ቀን ድረስ ከምርጥ አምስቱ ውስጥ ካለ ቡድን ጋር 60 ጊዜ ገጥሞ 60ውንም ተሸንፏል። አላባማን ለመጨረሻ ጊዜ የረታው በ1984 ነበር፤ በገዛ ሜዳው ደግሞ በ1969። ሃምሳ አምስት ዓመት! ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኮንፈረንሱ 8 ተጫውቶ 8ቱንም የተሸነፈ ቡድን ነው ቁጥር አንዱን 40 ለ 35 የረታው። እንዲህ ባለ ቀን «ወንበራችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ አጨብጭቡ» የሚለኝ ሰው ደጋፊነት ምን እንደሆነ አልገባውም። የተቀጣነው 100 ሺህ ዶላር ነው። ርካሽ ነው። ለዚያ ቀን ከዚህ የረከሰ ነገር የለም።

ቀዩ ማዕበል፦
የጻፍኩትን አልክድም። አንተም የጻፍከውን እንዳትክድ። «ርካሽ ነው» ብለሃል። ያ መቶ ሺህ የት እንደገባ ታውቃለህ? በ2023 በወጣው ደንብ መሠረት በኮንፈረንስ ጨዋታ ሜዳ ከተወረረ ቅጣቱ የሚከፈለው ለእንግዳው ቡድን ነው። ቀድሞ ለኮንፈረንሱ ስኮላርሺፕ ነበር የሚውለው። ስለዚህ እናንተ አሸንፋችሁ ስታበቁ ገንዘቡን ወደ እኛ ከተማ ቱስካሉሳ ላካችሁ። ርካሽ ነው ማለት የሚችለው ደግሞ ከኪሱ የከፈለ ሰው ነው። ፖስቱን የነቀለው ልጅ አምስት ሳንቲም አላወጣም። የከፈለው ትምህርት ቤቱ ነው።

ቆጣሪ፦
ገንዘቡን ለእናንተ ልተወውና «ተኝተን ነው» ስለሚለው ልናገር። የተኛ ቡድን 35 ነጥብ አያገባም። አላባማ ኳሱን ባገኘ ቁጥር በፍጥነት ያገባ ነበር። ችግሩ ኳሱን አለማግኘቱ ነው። ቫንደርቢልት ኳሱን የያዘው 42 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው፤ ለአላባማ የቀረው 17 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ብቻ። ይህ የመጣው ከሦስተኛ ዳውን ነው (ዳውን ማለት ሙከራ ነው፤ ቡድኑ 10 ያርድ ለመሄድ አራት አለው፣ ካልሞላ ኳሱን ይለቃል)፤ 18 ጊዜ ሞክረው 12ቱን አሳክተዋል። በኮሌጅ ፉትቦል ከግማሽ በታች የተለመደ በሆነበት ሁለት ሦስተኛውን ማሳካት ማለት የተጋጣሚን ዲፌንስ ከሜዳ እንዳይወጣ ማሰር ማለት ነው።

አሠራሩን እዩት። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚያከፋፍለውና የሚወረውረው) ፓቪያ ኳሱን ሯጩ ሆድ ላይ አድርጎ ጠርዝ ላይ የቆመውን አንድ ተከላካይ ያያል። ተከላካዩ ወደ ውስጥ ከገባ ኳሱን ራሱ ይዞ በጎን ይወጣል፤ ቆሞ ከጠበቀ ለሯጩ ይተውለታል። ያን አንዱን ሰው ማንም አይነካውም፣ በኳሱ ነው የሚታለለው። በዚህ አንድ አጋጅ ይተርፋቸዋል፣ የተረፈው ሄዶ ሁለተኛውን የተከላካይ መስመር ይመታል። ሦስትና አራት ያርድ እየቆረጡ ሲሄዱ ሦስተኛው ዳውን አጭር ይሆናል። አጭር ሲሆን ደግሞ ሩጫም ቅብብልም ይቻላል፣ ተከላካዩ የትኛውን እንደሚጠብቅ አያውቅም። በሦስተኛው ሩብ በአራተኛ ዳውን አንድ ያርድ ሲቀራቸው ሁሉም ሩጫ ሲጠብቅ 36 ያርድ ወርውሮ ለተቀባዩ ሼሪል ተችዳውን (ኳሱን የመጨረሻውን መስመር አሻግሮ ማግባት) ያደረገው ከዚህ የመጣ ነው። ፓቪያ 20 ወርውሮ 16ቱ ተይዘውለታል፣ 252 ያርድ፣ ሁለት ተችዳውን፣ አንድም አልተነጠቀበትም።

ቀዩ ማዕበል፦
ቆጣሪ፣ የምትለውን አከብራለሁ፣ ግን ግማሹን ትተሃል። የቫንደርቢልቱ ፎንቴኔት የነጠቀው ኳስ 29 ያርድ ተሮጦ ገብቷል፤ ያ የእኛን ዲፌንስ የሚመለከት አይደለም፣ የእኛ ስጦታ ነው። ኬፐርስ የእኛን ኳርተርባክ ሚልሮውን መትቶ ኳሱን ያስጣለውም እንዲሁ። ከአንድ ሳምንት በፊት ጆርጂያን 41 ለ 34 ያሸነፈ ቡድን ነው፤ ጉልበቱንም ልቡንም እዚያ አፍስሶ ነበር የመጣው። ተኝተን ነው ስል ይህን ነው። ሲነቃ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ2025 ቱስካሉሳ ላይ አይታችኋል፦ 30 ለ 14።

ቆጣሪ፦
ስጦታ አይባልም። ጨዋታው ሲጀመር ቫንደርቢልት ኳሱን ይዞ ሜዳውን ሙሉ ሄዶ አገባ። አላባማ ገና ከመጀመሪያው ከኋላ ሆነ። ከኋላ የሆነ ቡድን ይወረውራል፣ ሲወረውር ይነጠቃል። ሚልሮው ኳሱን የጣለውም ለመወርወር ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ምክንያቱና ውጤቱ የተያያዘ ነው። ያደከማችሁ ጆርጂያ ከሆነ ደግሞ ቫንደርቢልት በዚያው ሳምንት እረፍት ላይ ስለነበር ለእናንተ ብቻ ሁለት ሳምንት አዘጋጅቷል። ያ የፕሮግራም ዕድል ነው፤ ዕድል በሉት፣ እንቅልፍ አትበሉት።

የ2025ቱን 30 ለ 14 አልክድም። የ2024ቱን ግን አያፍቀውም።

ቀዩ ማዕበል፦
ይኸው «ዕድል» አልክ። እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ቆጣሪ፦
የፕሮግራም ዕድል ነው ያልኩት። ቃሌን ቆርጠህ አትውሰድ። የመጨረሻውን ብቻ ንገረኝ፦ 40 ለ 35 ሲሆን 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። አላባማ ከዚያ በኋላ ኳስ ነክቷል? አልነካም። 166 ሰከንድ ማለት ነው። አንዱ ሙከራ ካለቀ በኋላ ቀጣዩን ለመጀመር 40 ሰከንድ አለ። ሜዳ ውስጥ ወድቀህ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ ሦስት ሰከንድ ሲቀር ኳሱን ካስነሳህ እያንዳንዱ ሙከራ ከ40 ሰከንድ በላይ ይበላል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ፈርስት ዳውን (10 ያርዱ ሞልቶ አዲስ አራት ሙከራ) ሲገኝ ሰዓቱ የሚቆመው በየግማሹ መጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ብቻ ነው። ተከላካዩ ታይም አውት (ሰዓት ማስቆሚያ) ቢጠራ እንኳ አንድ ሁለት ፈርስት ዳውን ካገኘህ ጨዋታው አልቋል። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ አስቸጋሪው በቁጥር አንዱ ቡድን ላይ ማድረጉ ነው። አደረጉት።

የበር ሰው፦
ስለ ጨዋታው አልገባም። ሜዳ ስለመውረር ግን ሁለታችሁም የምታወሩት ገንዘብ ነው፣ አደጋው ሌላ ነው። ሕዝብ ከመቀመጫ ወደ ሜዳ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጎዳው መውረጃው ላይ ነው። ላይኛው ረድፍ ያለው ታች ያለውን አያይም። የፊተኛው አጥሩ ላይ ተጣብቆ መተንፈስ ሲያቅተው የኋለኛው እየጨፈረ ይገፋል። ኦክቶበር 30 ቀን 1993 ማዲሰን ካምፕ ራንዳል ስታዲየም ዊስኮንሲን ሚሺጋንን 13 ለ 10 ረትቶ የሆነው ይኸው ነው። ተማሪው ወደ ታች ጎረፈ፣ ታች የብረት መደገፊያና አጥር ነበር፣ መደገፊያው ተሰበረ፣ ሰው በሰው ላይ ተከመረ። ከ70 በላይ ተጎዱ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከክምሩ ሥር ሰው እየጎተቱ አወጡ። የሞተ አልነበረም፣ ለጥቂት ነው።

ሰውን ያን ቀን የጎዳው ሜዳ መግባቱ ሳይሆን መግባት አለመቻሉ ነው። ይህን ሳያውቁ ስለ ቅጣት ማውራት ምንም አይጠቅምም።

ጥቁርና ወርቅ፦
እግዜር ይስጥህ! «መግባት አለመቻሉ ነው።» ስለዚህ በሩ ይከፈት። አጥር ባይኖር የሚጎዳ አይኖርም። ቅጣቱ ትምህርት ቤቶቹን አጥር እንዲያጠብቁ ነው የሚያደርጋቸው፣ አጥር ደግሞ ሰው ይጎዳል። ቅጣቱ ራሱ አደጋ ነው።

የበር ሰው፦
በሩ ይከፈት አላልኩም። እባክህ ያልኩትን ብቻ ውሰድ። በሩን ከከፈትክ ሜዳ ላይ ማን አለ? ተሸንፎ፣ ደክሞና ተናዶ የቆመ እንግዳ ቡድን። ዳኞች። ካሜራ ይዘው ገመድ የሚጎትቱ። በሺህ የሚቆጠር ሰው በዚያ መሀል ሲገባ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፣ አንዱ ሌላውን ፊቱ ላይ ቪዲዮ ያነሳዋል፣ ይሰድበዋል። ተጫዋቹ ደግሞ 19 ዓመቱ ነው፣ ሄልሜት አድርጓል፣ 130 ኪሎ ነው። አንድ ጊዜ እጁን ቢሰነዝር የሚጎዳው ደጋፊው ነው፣ ሙያው የሚበላሸው የእሱ ነው። በ2022 ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ኖክስቪል ላይ አላባማን ባሸነፈ ቀን ከአላባማ ተጫዋቾች አንዱ ሲወጣ እጁን አንዲት ደጋፊ ላይ ሲሰነዝር በቪዲዮ ታይቶ ምን ያህል እንዳነጋገረ አስታውሱ።

ብርቱካን ኖክስቪል፦
ስማችን ከተነሳ እኔም ልግባ። ይህ ጎል ፖስት ወንዝ መክተት የሚባለውን ቫንደርቢልት ከእኛ ከቴነሲ ነው የቀዳው። ኦክቶበር 15 ቀን 2022፣ ኔይላንድ ስታዲየም፣ 101,915 ሰው፣ 52 ለ 49። መቺያችን ማግራዝ ሰዓቱ ሲያልቅ ከ40 ያርድ መትቶ አገባ። ኳርተርባካችን ሁከር ለተቀባዩ ሃያት ብቻ አምስት ተችዳውን ወረወረ። ከ2006 በኋላ አላባማን አሸንፈን አናውቅም ነበር፣ በተከታታይ 15 ተሸንፈናል። ፖስቶቹ ቴነሲ ወንዝ ገቡ። እንደ ልማዱ የድሉ ሲጋራ ተጨሰ። ቅጣታችንም 100 ሺህ ነበር፣ ማንም አላለቀሰም።

ጥቁርና ወርቅ፦
ኔይላንድ ወንዙ ዳር ነው የተሠራው፣ ጥቂት እርምጃ ነው። የእኛ ልጆች ከስታዲየሙ ተሸክመው በብሮድዌይ አድርገው ከሁለት ማይል በላይ ሄደው ነው ካምበርላንድ ወንዝ የከተቱት። መቅዳት ሌላ፣ መሸከም ሌላ። ደግሞ ኖክስቪል ድረስ መጥተን በ2025 ስንት ለስንት እንደሆነ አንተው ንገራቸው።

ብርቱካን ኖክስቪል፦
45 ለ 24 ረታችሁን። አልደብቅም። ግን ስለ እሱ አይደለም የምናወራው።

ቀዩ ማዕበል፦
አዩ፣ በእኛ መሸነፍ የሚጣሉት ሁለቱ ናቸው።

ብርቱካን፣ «ማንም አላለቀሰም» ያልከው ልክ አይደለም። የእናንተ ትምህርት ቤት ራሱ በማግስቱ ለፖስቶቹ 150 ሺህ ዶላር ከደጋፊው መዋጮ ጠየቀ። ርካሽ ቢሆን መዋጮ አይለመንም ነበር።

ብርቱካን ኖክስቪል፦
ጠየቀ፣ ደጋፊው ሰጠ። ያ ምን ነውር አለው? ድግስ ሲኖር ማኅበርተኛው ያዋጣል።

ዌስት ኢንድ፦
«ተሸክመው ሄዱ» ብሎ መናገር ቀላል ነው። እኔ ናሽቪል ነው የምኖረው፣ ብሮድዌይ ቅዳሜ ማታ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ጎል ፖስቱ የተገጣጠመበት የላይኛው አግዳሚ ብቻ 18 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፤ ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ። ቁሞቹ ከዚያ ይረዝማሉ። በቡና ቤትና በቱሪስት በተጨናነቀ መንገድ ያንን ይዞ መሄድ ማለት ጫፉ የት እንደሚዞር ከኋላ የያዘው አያውቅም ማለት ነው። ፊት ያለው ቆም ሲል ኋላ ያለው ይገፋል፣ ብረቱ ጭንቅላት ይመታል። በዚያ ሰዓት ብሮድዌይ ላይ መኪና የሚነዱት ደግሞ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። መንገዱ ሲዘጋ ቅዳሜ ማታቸው ነው የሚቀረው። ይሄ «ርካሽ» የሚባለው ውስጥ አልተቆጠረም።

ድሉን ግን አልጠላሁትም። ከተማው እንደዚያ ሲደሰት ማየት ደስ ይላል። ፖስቱም ኋላ ከወንዙ ወጥቶ፣ ተቆራርጦ፣ ትምህርት ቤቱ ቁራጩን ለሽያጭ አቀረበው።

ጥቁርና ወርቅ፦
እህቴ፣ የመንገዱን ነገር ልክ ብለሻል፣ እቀበላለሁ። ግን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርሽን ቀዩ ማዕበል ያንብበው። ቁራጩ ተሸጠ። የተቀጡበትን ዕቃ የሚሸጥ ትምህርት ቤት በነገሩ አፍሯል?

ቀዩ ማዕበል፦
አላፈረም፣ ክፋቱም እሱ ነው። ልጆቹ ይነቅላሉ፣ ትምህርት ቤቱ በይፋ «አይፈቀድም» ይላል፣ ኋላ ሽያጭ ያወጣል። የሚቀጥለው ልጅ ምን ይማራል? ቅጣቱ መብዛት ያለበት ለዚህ ነው። የ2023ቱ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ሺህ፣ ለሁለተኛ 250 ሺህ፣ ለሦስተኛ 500 ሺህ ነበር። ሰው «የመጀመሪያውን እንከፍላለን» ብሎ ያሰላል። ከ2025 ጀምሮ ያለው ግን ከመጀመሪያው 500 ሺህ ነው። ስሌቱ ቆመ።

ቆጣሪ፦
ስሌት ካላችሁ እናስላ። ያን ቀን የቫንደርቢልት ሜዳ ፈርስትባንክ ስታዲየም በግንባታ ምክንያት ወደ 29 ሺህ ሰው ነበር የያዘው። መቶ ሺህ ለ29 ሺህ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ሦስት ዶላር ተኩል አይሞላም። ስታዲየም ውስጥ አንድ ውኃ አይገዛም። በዚህ በኩል «ርካሽ ነው» ያለው ትክክል ነው።

500 ሺህ ሲሆን በነፍስ ወከፍ 17 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ያው 500 ሺህ ኔይላንድ ላይ ለ101,915 ሰው ሲካፈል አምስት ዶላር አይሞላም። ስለዚህ አዲሱ ቅጣት እኩል የሚመስለው በወረቀት ነው። ትንሹን ስታዲየም ከትልቁ በሦስት እጥፍ በላይ ይመታል። ትንሹ ስታዲየም ያለው ማን ነው? ሁልጊዜ የሚሸነፈው። ሁልጊዜ የሚሸነፈው ነው ደግሞ አንድ ቀን ሲያሸንፍ ሜዳ የሚገባው። አላባማ ቫንደርቢልትን አሸንፎ ሜዳ ይወርራል? ቅጣቱ ለእነሱ የወጣ ሕግ አይደለም።

ጥቁርና ወርቅ፦
ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ደግማችሁ አንብቧት። ለሚያሸንፉት የማይሠራ፣ የተሸናፊን አንድ ቀን የሚቀጣ ሕግ። ገንዘቡ ደግሞ ሁልጊዜ ለሚያሸንፈው ይገባል።

ቀዩ ማዕበል፦
በነፍስ ወከፍ የሚከፍል ሰው ስታገኙ ንገሩኝ። የከፈለ አንድም የለም ብያለሁ፣ አሁንም መልስ አላገኘሁም። ቲኬቱ ላይ 17 ዶላር ጨምሩና ከጨዋታው በፊት «ሜዳ ልትገቡ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ «ርካሽ ነው» የሚለው ማን እንደሆነ እናያለን።

ጥቁርና ወርቅ፦
ጨምሩ። እከፍላለሁ። ሁለት እጥፍ ጨምሩ።

ቀዩ ማዕበል፦
አንተ ትከፍላለህ። ከአጠገብህ ሁለት ልጆቹን ይዞ የመጣው ሰውስ? አንተ ሜዳ እንድትገባ እሱ ለምን 51 ዶላር ይጨምራል?

የበር ሰው፦
ገንዘቡን እዚህ ላይ ልታቆሙት ትችላላችሁ? የአሁኑን ደንብ ሙሉውን ያነበበ ያለ አይመስለኝም። 500 ሺሁ ሊነሳ ይችላል። ደጋፊው ሜዳ የገባው እንግዳው ቡድንና ዳኞቹ ከወጡ በኋላ ከሆነ ኮሚሽነሩ (የኤስኢሲ ኃላፊው) ቅጣቱን መተው ይችላል። የሚቀጣው መግባቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይግቡ ወይስ አይግቡ» መሆኑ ቀርቷል፤ «ሜዳውን በስንት ደቂቃ ማጽዳት ይቻላል» የሚለው ነው።

ይህ ደግሞ ከቆጣሪ 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ጨዋታው ኳስ ይዞ ሰዓት በመጨረስ ካለቀ ጊዜ አለ፤ የጥበቃ ሰዎችን ወደ እንግዳው መስመር ማዛወር፣ መተላለፊያውን በገመድ መያዝ፣ የሰዓቱ የመጨረሻ ሰከንዶች ላይ የማይጫወቱትን ቀድሞ ወደ መልበሻ ክፍል ማስገባት ይቻላል። እንደ ቴነሲ በመጨረሻው ሰከንድ ምት ካለቀ ግን ማንም ዝግጁ አይደለም፤ ኳሷ ስትገባ ሰው አጥሩ ላይ ነው።

ሁሌም የሚያበላሸው ሰላምታው ነው። ሁለቱ አሠልጣኞች ለመጨባበጥ ሜዳው መሀል ይገናኛሉ። ተጫዋቾቹ ተከትለው ይሄዳሉ፣ ጓደኛ ጓደኛውን ይፈልጋል። መውጫው ሜዳው ጥግ ከሆነ ከመሀል እስከዚያ ሲሮጡ ሕዝቡ ቀድሟቸዋል። አሠልጣኞቹ በጎን መስመር ተጨባብጠው ቢወጡ ብቻ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ዌስት ኢንድ፦
ጎል ፖስቱስ? ሰው ሲወጣ ሰላም ነው እንበል፣ ፖስቱን መንቀል ግን ሰዓት አይመርጥም።

የበር ሰው፦
ፖስቱ ከሁሉም ይከፋል። በ2001 ኢንዲያና ውስጥ ባለው ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊው ሲያወዛውዘው ተሰብሮ አንድ ተማሪ ጀርባ ላይ ወደቀ። ልጁ ሽባ ሆኖ ቀረ። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን አሉሚኒየም ነበር። አሉሚኒየም ትንሽ ይጎብጣል፣ «ገና ነው» ያሰኛል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይሰበራል። የሚያወዛውዙት ላይኛውን ይዘው ስለሚንጠለጠሉ ሲሰበር አብረው ይወርዳሉ፣ ሥር ያለው ግን ማምለጫ የለውም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲሄድ ከአምራቹ ጋር የተከራከሩበት አንዱ ነጥብ ሌላ ዓይነት ፖስት መኖሩ ነው፤ ሥሩ ላይ ማጠፊያ ያለው፣ ጨዋታው እንዳለቀ ሠራተኞቹ የሚያስተኙት። ከተኛ የሚንጠለጠልበት የለም፣ ተሸክመው ቢወስዱትም ማንም ላይ አይወድቅም።

ናሽቪል ላይ ከዚያ ቀን በኋላ በሜዳው የተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ ከማን ጋር እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ከዚያው ከቦል ስቴት ጋር፣ ኦክቶበር 19። አዲሱ ፖስት በሁለት ሳምንት መተከል ነበረበት።

ጥቁርና ወርቅ፦
የልጁ ነገር ያሳዝናል፣ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ማጠፊያውን ይግጠሙ። ግን ማጠፊያ የሚገጥመው እኛን በመቅጣት አይደለም። ያን 100 ሺህ ለአላባማ ከመስጠት ማጠፊያ ያለው ፖስት ቢገዛበት ኖሮ አሁን የምትናገረው ሁሉ ይሠራ ነበር። ገንዘቡ የተሳሳተ ቦታ ነው የሄደው።

ብርቱካን ኖክስቪል፦
በዚህ እስማማለሁ። ብርቅ ነው።

ቀዩ ማዕበል፦
እኔ አልስማማም። ቤት ውስጥ የቀረ ገንዘብ ቅጣት አይደለም፣ የጥገና በጀት ነው። ለተጋጣሚ ሲሰጥ ነው የሚያመው። አንተም አሁን «የተሳሳተ ቦታ ሄደ» ስትል እያመመህ ነው። ካመመህ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ቃልህን አንሳ።

ጥቁርና ወርቅ፦
አላነሳም። የሚያመኝ መጠኑ አይደለም፣ የተቀባዩ ማንነት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ 23 ጊዜ በተከታታይ የረገጠን ቡድን ነው።

ቀዩ ማዕበል፦
የ23ቱን ሽንፈት እኛ አልቀጣናችሁም፣ ፉትቦል ነው።

ቆጣሪ፦
ሁለታችሁም የበር ሰውን ጥያቄ ዘለላችሁት። ፈርስትባንክ ስታዲየም ላይ እንግዳው ቡድን የሚወጣው በየትኛው ጥግ ነው፣ የተማሪው መቀመጫስ ከዚያ ምን ያህል ይርቃል? ግንባታው ከተጀመረ ወዲህ ተለውጧል። እሱ ካልተነገረ ቅጣቱን የሚያነሳው የደንቡ አንቀጽ ለቫንደርቢልት ይሠራል አይሠራም ማለት አይቻልም።

ዌስት ኢንድ፦
እሱን የሚያውቅ ካለ ስዕሉን ይለጥፍልን። «ርካሽ» የምትለዋን ቃል ግን ዛሬ ማታ ማንም እንዳይጽፋት።

ጥቁርና ወርቅ፦
ርካሽ ነው።

ቀዩ ማዕበል፦
51 ዶላር። ለሰውየውና ለሁለቱ ልጆቹ። መልስ እየጠበቅኩ ነው።